የእንግዳ ተማሪ አደራ

እህል በአህያ፣ ጨው በግመል ተጭኖ ከፈላጊው ደጅ ይደርሳል፤ ዕውቀት ግን በመምህሩ ልብ ተቀምጦ ፈላጊውን ይጠብቃል እንጂ ወደ ፈላጊው አይሄድም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የአባቱን ቤት ትቶ፣ ከወገኑ ርቆ፣ ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች ደጅ የሚቆም ተማሪ በዓለም ላይ ታጥቶ አያውቅም። ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ማስመስከር የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ሲወጣና ሲወርድ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየመንደሩ ውሻ ጋር ሳይታገል የተማረ ሊቅ በየደብሩ ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው።

ዛሬ ደግሞ ብዙ ልጆቻችን ባሕር ተሻግረው በባዕድ አገር ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ስለ እነርሱ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ «ሄደው ይቀራሉ» ብሎ ያዝናል፤ ሁለተኛው «ሃይማኖታቸውንና ልማዳቸውን ጥለው ይመለሳሉ» ብሎ ይሠጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በውጭ አገር የተማረውን ሁሉ እንደ ፍጹም ዐዋቂ ቈጥሮ ያመሰግናል። ሦስቱም ፍርዶች የሚመለከቱት ተማሪውን ብቻ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሻው እንግዳ ተማሪ የብዙዎች አደራ መሆኑን ነው። ፍሬው መልካም ወይም ክፉ የሚሆነው በራሱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ የተቀበለው አገር፣ አብሮት የኖረው ጓደኛና የላከው ወገን አደራቸውን በጠበቁለት መጠን ነውና። ለዚህም ሦስት ከተሞችን፣ አቴናን፣ ሮማንና ቦሎኛን በምስክርነት እንጠራለን። የእነርሱን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የሀገራችንን ነገር ስንጠቅስ ግን በእኛው አቈጣጠር ይሆናል።

በአራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አቴና የመንግሥት መቀመጫ አልነበረችም። የቀድሞ ኃይሏ አልፎ፣ የቀራት ሀብት የንግግርና የፍልስፍና ትምህርት ነበረ። ለዚህም ሲሉ ከእስያ፣ ከሶርያ፣ ከግብጽና ከአርማንያ ወጣቶች ይጎርፉባት ነበር። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ በቤተ ክርስቲያናችን ስማቸው በየዕለቱ የሚጠራ፣ ያን ጊዜ ግን ገና ያልተጠመቁ የቀጰዶቅያ ልጆች ነበሩ፤ ባስልዮስ ዘቂሣርያና ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ። ከእስክንድርያ ወደ አቴና በመርከብ የተነሣው ጎርጎርዮስ ነበር። ለባሕር መንገድ በማይመች ወራት ስለ ተሳፈረ በቆጵሮስ አጠገብ ጽኑ ማዕበል አገኘው። የሚጠጣው ውሃ በማዕበሉ ጠፋ፤ የፊንቄ ነጋዴዎች መርከባቸውን አስጠግተው ባይረዷቸው ኖሮ ሁሉም ባለቁ ነበር። እርሱ ግን ሳይጠመቅ መሞትን ከሞት ይልቅ ፈራ። ይህን በሽምግልናው ጊዜ ሲጽፈው እንኳ ድንጋጤው ገና ከልቡ አልወጣም ነበር።

ባሕሩን ያለፈ ተማሪ ደግሞ በወደቡ ሌላ ማዕበል ይጠብቀዋል። የአቴና መምህራን ኑሮአቸው በተማሪ ክፍያ፣ ክብራቸውም በተማሪ ብዛት ነበረና፣ የየመምህሩ ደቀ መዛሙርት እንደ ጭፍራ ተሰልፈው አዲስ መጤውን ለመያዝ መንገድ ይጠብቁ ነበር። በኋላ በአንጾኪያ ስመ ጥር መምህር የሆነው ሊባንዮስ በ336 ዓ.ም. ወደ አቴና ሲገባ፣ እማርበታለሁ ብሎ ካሰበው መምህር ሳይደርስ የሌላው መምህር ደቀ መዛሙርት ያዙት፤ ከእነርሱም ጋር ሊማር እስኪምል ድረስ ዘግተው አስቀመጡት። በጭፍሮቹ መካከል ዱላና ድንጋይ የተለመደ ስለ ሆነ፣ መምህራኑ በአደባባይ መናገር ፈርተው በየቤታቸው ባሠሩት አዳራሽ ያስተምሩ ነበር።

የተያዘው ተማሪ አንድ ወዳጅ ወይም የሀገሩ ሰው ዘንድ ያድራል። ከዚያም የፈለገ ሁሉ እየመጣ በክርክርና በፌዝ ይፈትነዋል፤ ይህም ትዕቢቱን ለማብረድ ነው ይሉታል። በመጨረሻ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው በገበያው መካከል ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል። ከደጁ ሲደርሱ እንደ ዕብድ እየዘለሉና እየጮኹ በሩን ይደበድባሉ፤ እንግዳውም ሊገድሉት የመጡ መስሎት ይንቀጠቀጣል። በሩ ተከፍቶ ከገባና ከታጠበ በኋላ ግን እንደ እኩያቸው ቈጥረው ያከብሩታል። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ልማድ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ ያመለክታል።

ባስልዮስ ወደ አቴና ሲመጣ ጎርጎርዮስ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጭፍሮቹን ለምኖ ይህን ፌዝ ከባስልዮስ አስቀረለት፤ ከዚህ ልማድ ያመለጠ ከእርሱ በቀር እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን ባስልዮስን ሌላ ኀዘን አገኘው። አቴናን በሩቅ ሲሰማት እንደ ዕንቍ ያበራች መስላው ነበር፤ በቅርብ ሲያያት ግን ጩኸትና ቅንዓት የሞላባት ሆና አገኛት። ልቡም ቀዝቅዞ መምጣቱን ራሱን ነቀፈ። ያን ጊዜ ጎርጎርዮስ አልተዘባበተበትም። የአንድ ሰው ጠባይ በአንድ ቀን እንደማይታወቅ፣ የአንድ አገር ትምህርትም በጥቂት ቀን ሊመዘን እንደማይገባ ነግሮ አጽናናው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ቤት አደሩ፣ ከአንድ ማዕድ በሉ። ብዙ መንገዶች በነበሩባት ከተማም እነርሱ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራን የሚያደርስ። ልብ እንበል፤ ከቤተ ክርስቲያን መንገድ ጋር የመምህራኑን መንገድ አላጠፉም፤ ከመምህራኑም አብዛኞቹ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። እነርሱን ያዳናቸው የትምህርቱ ንጹሕነት ሳይሆን አንዱ ለሌላው ጠባቂ መሆኑ ነው።

ካስተማሩአቸው መምህራን አንዱ ፕሮኤሬስዮስ ክርስቲያን ሲሆን፣ እርሱም ራሱ ከአርማንያ የመጣ ባዕድ ነበር። በወጣትነቱ ሄፌስጥዮን ከሚባል ጓደኛው ጋር ወደ አቴና ሲመጣ ከድህነታቸው የተነሣ ለሁለቱ ያላቸው የአንድ ሰው ልብስ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱ ለብሶ ወደ ትምህርት ሲሄድ፣ ሁለተኛው ያረጀ ምንጣፍ ተከናንቦ በቤት ተኝቶ ትምህርቱን ለብቻው ያጠና ነበር፤ በማግሥቱም ተራው የእርሱ ይሆናል። የእኛ የአብነት ተማሪ ይህን ቢሰማ ከወንድሞቹ የአንዱን ታሪክ የሰማ ይመስለዋል። ይህ ድኻ መጻተኛ በኋላ ዘመን የአቴና መምህራን አለቃ ሆነ።

ከዚሁ ትምህርት ቤት ግን ሌላም ተማሪ ወጣ። በ355 ዓ.ም. የንጉሥ ዘመድ የሆነው ዑልያኖስ ጥቂት ወራት በአቴና ተማረ፤ ባስልዮስና ጎርጎርዮስም በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ነበሩ። በ361 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ የተጠመቀበትን ሃይማኖት ክዶ ወደ ጣዖት ተመለሰ፤ በ362 ዓ.ም. ደግሞ ክርስቲያን የሆነ ሰው የግሪክን መጻሕፍት እንዳያስተምር በሕግ ከለከለ። ለፕሮኤሬስዮስ ብቻ እንዲያስተምር ቢፈቅድለት፣ ያ ሽማግሌ መምህር ከወገኖቹ ተለይቶ የሚያገኘውን ሞገስ ንቆ ወንበሩን ለቀቀ። እንግዲህ አንዱ ከተማ ቅዱሳንን አሳደገ፣ ከሃዲንም አሳደገ። «የባዕድ ትምህርት ያጠፋል» የሚል ሰው ባስልዮስን ይይ፤ «የባዕድ ትምህርት ያድናል» የሚልም ዑልያኖስን ይይ። ዑልያኖስ በሕፃንነቱ ዘመዶቹ በግፍ የተገደሉበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጠባቂና በሰላይ መካከል ያደገ ሰው ነበር። ጠባቂ ነበረው፤ እንደ ጎርጎርዮስ ያለ ጓደኛ ግን አላገኘም።

የመለያየት ቀን በደረሰ ጊዜ ጓደኞቻቸውና መምህራኑ ከብበው እያለቀሱ እንዲቀሩ ለመኑአቸው። ባስልዮስ ምክንያቱን አስረድቶ ሄደ፤ ጎርጎርዮስ ግን በልመናው ተሸንፎ ቀረ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በስውር ወጥቶ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ሄዶ የመቅረት ፈተና እንግዲህ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ የሚያስቀረውም ሁልጊዜ የገንዘብ ፍቅር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሰው ፍቅር ነው።

ባስልዮስ በአቴና የተማረውን ምን አደረገበት? በ369 ዓ.ም. ገደማ ቀጰዶቅያን ብርቱ ረኀብ ባገኛት ጊዜ፣ የተማረውን የንግግር ጥበብ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ለማድረግ ተጠቀመበት፤ ራሱም ወገቡን ታጥቆ ለረኀብተኞች ወጥ አቀረበ። ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ደግሞ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች መጠጊያ ሠራ፤ በዚያም ውስጥ ለመንገደኞች ማደሪያ ነበረበት። በሰው አገር እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው፣ በሀገሩ ለእንግዳ ቤት ሠራ።

በአቴና እንግዳውን ተማሪ የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም፤ የደረሰለት ጓደኛው ብቻ ነው። በሮማ ግን ሕግ ተሠራ። በ370 ዓ.ም. ንጉሥ ወለንጥያኖስ ለሮማ ከተማ ገዥ ባስተላለፈው ትእዛዝ እንዲህ ወሰነ። ለትምህርት ወደ ሮማ የሚመጣ ሁሉ የትውልድ ከተማውን፣ ዘሩንና ምግባሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሀገሩ ገዥ ይዞ ይምጣ። እንደ ደረሰም ምን ሊማር እንደመጣ ያስታውቅ። የሚያድርበት ቤት በመዝገብ ይጻፍ። ከክፉ ማኅበር እንዲርቅ፣ ወደ ትርኢት ቤት እንዳያዘወትር፣ ያለ ጊዜው ግብዣ እንዳይቀመጥ ይጠበቅ። ያልተገባ ሥራ የሠራ በአደባባይ ተገርፎ በመርከብ ወደ ሀገሩ ይሰደድ። የተጋ ግን ዕድሜው ሃያ ዓመት እስኪሆን ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ሳይወድ በግድ ይመለስ። የመጡትና የሚመለሱት በየወሩ እንዲጻፉ፣ መዝገቡም በየዓመቱ ለንጉሡ እንዲላክ አዘዘ፤ ይህም ንጉሡ ከተማሩት መካከል ለመንግሥት ሥራ የሚበጁትን እንዲያውቅ ነው።

ይህን ያነበበ የዘመናችን ሰው የቈንስል ጽሕፈት ቤት ደጅ የቆመ ይመስለዋል። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የማደሪያው አድራሻ፣ የሚቀመጥበት ጊዜ ገደብ፣ ሁሉም ከዚያ ዘመን የጀመረ ነው። የሮማን ሕግ ያለ ምክንያት የወጣ ነው አንልም። ከአፍሪካ ወደ ሮማ የመጣው አውግስጢኖስ በ383 ዓ.ም. በዚያ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ የሚከፍሉበት ቀን ሲደርስ ተማክረው ወደ ሌላ መምህር የሚሸሹ ሆኑበት። እንግዳ ተማሪም ሰው ነውና ያጠፋል። ነገር ግን የሮማ ሕግ ተማሪውን ከሮማ ለመጠበቅ ሳይሆን ሮማን ከተማሪው ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ማን እንደመጣ ይጠይቃል፤ የመጣው ግን ማን ያበላዋል፣ ቢታመም ማን ይጠይቀዋል፣ ቢበደል ወደ ማን ይጮኻል ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሕግ እስኪወጣ ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለፈ። በኢጣልያ ውስጥ ቦሎኛ በምትባል ከተማ የጥንቱ የሮማ ሕግ ትምህርት ታድሶ፣ ከጀርመንና ከፈረንሳይ፣ ከእስፓንያና ከእንግሊዝ ብዙ ሰዎች ይመጡ ነበር። በዚያ ዘመን የከፋ ልማድ ነበረ። የአንድ አገር ሰው ዕዳ ሳይከፍል ቢጠፋ፣ አበዳሪው ከዚያ አገር የመጣውን ሌላ ሰው ይይዝና ዕዳውን ከእርሱ ይወስድ ነበር። ተማሪም የማያውቀው ነጋዴ በበላው ገንዘብ መጽሐፉንና ስንቁን ይነጠቃል። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ የተማሪዎቹንና የመምህራኑን አቤቱታ ሰምቶ፣ በ1158 ዓ.ም. በታወጀ ሕጉ ይህን ከለከለ። ለትምህርት የሚጓዙ ሁሉ እነርሱም መልእክተኞቻቸውም በሰላም እንዲሄዱና በሰላም እንዲቀመጡ፣ ማንም በሌላ ሰው ዕዳ እንዳይዛቸው፣ የያዘም አራት እጥፍ እንዲከፍል አዘዘ። ቢከሰሱም በመምህራቸው ወይም በከተማው ኤጲስ ቆጶስ ፊት የመዳኘት ምርጫ ሰጣቸው። የሰጠውም ምክንያት መታሰብ የሚገባው ነው፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዕውቀት ፍቅር ስደተኞች የሆኑ፣ ሀብታቸውን ጨርሰው የደኸዩ፣ ሕይወታቸውንም ለአደጋ የሰጡ ስለ ሆኑ ሊታዘንላቸው ይገባል የሚል ነው። ሮማ የተጠራጠረችውን እንግዳ ቦሎኛ ስደተኛ ብላ ጠራችው።

የሕጉ ጥላ ግን ብቻውን አልበቃም። የቦሎኛ ተወላጆች በከተማቸው ሕግ ይጠበቁ ነበር፤ እንግዶቹ ግን ጠበቃ ስላልነበራቸው እርስ በርሳቸው ማኅበር አቆሙ። «ዩኒቨርሲቲ» የተባለው ስም በመጀመሪያ የሕንፃ ስም ሳይሆን የዚህ ማኅበር ስም ነበር። ከአልፕስ ተራሮች ወዲህ የመጡት አንድ፣ ከወዲያ የመጡት ሌላ ማኅበር ሆነው፣ አለቆቻቸውን ከተማሪዎች መካከል ይመርጡ ነበር። የቤት ኪራይ በዘፈቀደ እንዳይጨምር ከከተማው ሰዎችና ከተማሪዎች የተመረጡ ገማቾች ዋጋውን ይወስኑ ነበር። መምህሩም ሰዓት ቢያሳልፍ መቀጫ ይከፍላል፤ ከከተማ ቢወጣ ከተማሪዎቹ ፈቃድ ይጠይቃል። ከተማው ሲበድላቸው ደግሞ መሣሪያቸው ጓዛቸውን ጠቅልሎ መሄድ ነበር፤ በ1222 ዓ.ም. ከቦሎኛ ወጥተው ወደ ፓዶቫ የሄዱት መምህራንና ተማሪዎች የፓዶቫን ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ። በቦሎኛ የጀርመን ማኅበር መዝገብ በ1496 ዓ.ም. ከተጻፉት ተማሪዎች አንዱ፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ያስተማረው ኮፐርኒክ ነበር። እንግዳን በሰላም ያስቀመጠች ከተማ ምን ዓይነት ሰው እንዳስቀመጠች አስቀድማ አታውቅም።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ ፍሬድሪክ ያለ የተጻፈ ሕግ አልነበረንም። ነገር ግን የአብነት ተማሪ ከደጇ ሲቆም ከልጆቿ ድርሻ ቈርሳ የምትሰጥ የገጠር ሴት ያንን ሕግ በልቧ ይዛ ኖራለች። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደሚሄድ አልጠየቀችም። ቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንትን ያገኘችው ከመምህራኑ ቃል ጋር ከእነዚህ ሴቶች መሶብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የላከ ወገን አደራም በሀገራችን ታሪክ በደም ተጽፎ ይገኛል። ከ1928 ዓ.ም. በፊት ወደ ግብጽ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ሄደው የተማሩ ወጣቶች ነበሩን። ከነዚህ አንዱ መላኩ በያን በዋሺንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው ጦርነቱ ሲነሣ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ ቍስለኛም አከሙ። ከዚያም ዳግመኛ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በተማሩበት አገር የሚኖሩትን ጥቁር ሕዝቦች ስለ ኢትዮጵያ የሚያስተባብር የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር በ1929 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ ሲደክሙም በ1932 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። በሀገር ውስጥ የነበሩት ደግሞ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ፣ የተማሩ በመሆናቸው ብቻ በፋሺስቶች እየተፈለጉ ብዙዎቹ ተገደሉ። ጠላት ለማጥፋት አስቀድሞ የፈለገው እነርሱን መሆኑ፣ የተማረ ልጅ ለሀገሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእኛ ይልቅ እርሱ ማወቁን ያሳያል። በባዕድ አገር መቅረት ይቻላቸው ነበር፤ ተመለሱ፤ ስለ መመለሳቸውም ሞቱ። «ሄደው ይቀራሉ» ብሎ ሁሉን በአንድ ቃል የሚነቅፍ ሰው እነዚህን ያስብ።

እንግዲህ ከሦስቱ ከተሞች የምንማረው ይህ ነው። የሮማ መዝገብ በየአገሩ በር ላይ አለ፤ እንዳይኖርም ልንጠይቅ አንችልም፤ መንግሥት ማን ወደ ቤቱ እንደገባ የማወቅ መብት አለውና። ነገር ግን በመዝገብ የተጻፈ ተማሪ የቦሎኛን ርኅራኄና የአቴናን ጓደኛ ካላጣ ብቻ ይቆማል። በባዕድ አገር ያሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከሀገር ቤት የመጣውን ልጅ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን ፈተና በወደቀበትና ገንዘብ ባለቀበት ቀን ይፈልጉት። ወላጅም በሚልከው ደብዳቤ «ምን ላክህልን» ከማለት አስቀድሞ «ከማን ጋር ትኖራለህ፣ ከማንስ ጋር ትበላለህ» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው ራሱ ደግሞ ከመጽሐፍ ቤትና ከመምህር አስቀድሞ አንድ ጎርጎርዮስ ይፈልግ፤ ካላገኘም ለሌላው ጎርጎርዮስ ይሁን። አዲስ የመጣው ልጅ በወደቡ ቆሞ ልቡ ሲቀዘቅዝ፣ ከእርሱ ቀድሞ የደረሰ አንድ ሰው አይዞህ ቢለው፣ ያ ቃል ምን ያህል ጎተራ እንደሚከፍት፣ ስንት መንገደኛ እንደሚያሳድር ማን ያውቃል?